ሲቲዝን ለመሆን የሚጠየቀው «መልካም ሥነ ምግባር»፦ መንግሥት የግል ኑሯችንን እስከ ምን ድረስ ይጠይቃል?

የአሜሪካ የዜግነት ማመልከቻ፣ ኤን-400 የሚባለው ፎርም፣ ግማሹ በቀላሉ የሚሞላ ነው። ስም፣ አድራሻ፣ የሥራ ቦታ፣ ከአገር የወጡበትና የተመለሱበት ቀን። እጅ የሚይዘው «መቼም ቢሆን... ያውቃሉ?» የሚሉት ጥያቄዎች ላይ ሲደረስ ነው። ተይዘው ያውቃሉ? ሳይያዙስ ወንጀል ፈጽመው ያውቃሉ? በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አግብተው ያውቃሉ? ለልጅዎ ቀለብ መስጠት ሲገባዎት ሳይሰጡ ቀርተው ያውቃሉ? ለመንግሥት ባለሥልጣን ሐሰተኛ መረጃ ሰጥተው ያውቃሉ? ፎርሙን ከወገኖቼ ጋር ቁጭ ብዬ ስሞላ እዚህ ገጽ ላይ የምሰማው ምላሽ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ይሄ ደግሞ ምን አገባቸው?»

ይህን እንደ ተራ ማጉረምረም ማለፍ አይገባም። የአሜሪካ ዳኞች ራሳቸው ለአሥርት ዓመታት የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። መንግሥት ዜጋ የሚያደርገውን ሰው ጠባይ ማወቅ ይፈልጋል፤ ሰውየው ደግሞ የቤቱን ነገር በቤቱ የማስቀረት መብት አለው። ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ እያንዳንዱ አመልካች ቢያውቅ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። እኔ እስካየሁት ድረስ ሰውን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ያ የሚያፍርበት ነገር ራሱ አይደለም፤ እሱን ለመሸሸግ ሲል ምሎ የሚናገረው ቃል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ የሚጠይቀው

የአሜሪካ የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ የወጣው በ1790 ነው። ዜግነትን የፈቀደው ለ«ነጻ ነጭ ሰው» ብቻ ሲሆን፣ ያም ሰው ጠባየ መልካም መሆኑን ማሳየት ነበረበት። በ1795 የመኖሪያው ጊዜ ከሁለት ወደ አምስት ዓመት ከፍ አለ። ለአፍሪካ ተወላጆች በሩ የተከፈተው በ1870 ነው፤ የዘር ገደቡ ጨርሶ የተነሳው ደግሞ በ1952። የጠባይ መስፈርቱ ግን ያን ሁሉ ዘመን ተሻግሮ እኛ የምንሞላው ፎርም ላይ ደርሷል።

ዛሬ የሚሠራበት ሕግ መሠረቱ ያው የ1952ቱ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ነው። ሕጉ መልካም ሥነ ምግባር ምን እንደሆነ የትም ቦታ አይተረጉምም። የሚዘረዝረው መልካም ሥነ ምግባር የለውም የሚባለውን ሰው ነው። ነፍስ የገደለን ሰው ዘመን አያነጻውም። ከኖቬምበር 29 ቀን 1990 ወዲህ ሕጉ ከባድ ብሎ በለየው ወንጀል የተፈረደበትም እንዲሁ ለዘለቄታው ተዘግቶበታል። ከነዚህ ዝቅ የሚሉት ጥፋቶች የሚታዩት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ነው፦ ከማመልከቻው በፊት ባሉት አምስት ዓመታት፣ በአሜሪካዊ የትዳር ጓደኛ በኩል ለሚያመለክት ደግሞ በሦስት ዓመታት፣ ከዚያም እስከ መሐላው ቀን ድረስ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተፈርዶበት በድምሩ 180 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የታሰረ፣ ኑሮውን በሕገወጥ ቁማር ላይ የመሠረተ፣ ልማደኛ ሰካራም የሆነ፣ ሰው በሕገወጥ መንገድ ያሻገረ፣ የኢሚግሬሽን ጥቅም ለማግኘት ብሎ በመሐላ የዋሸ ሰው አያልፍም። ከዝርዝሩ ግርጌ ደግሞ ማመልከቻውን ለሚመረምረው የኢሚግሬሽን መኮንን ሰፊ ሥልጣን የሚሰጥ አንቀጽ አለ፤ በስም ያልተጠቀሰ ነገርም ማመልከቻን ሊያስጥል ይችላል። ከአምስት ዓመት በፊት ያለውንም መለስ ብሎ ማየት ይፈቀድለታል።

መስፈርቱ ጭራሽ መቅረት አለበት የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም፤ ምክንያቴም ከራሳችን ታሪክ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሹም የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አሜሪካ ገብቶ አትላንታ ውስጥ ሆቴል ተቀጥሮ ነበር። በእሱ ሥር ከተገረፉት ሴቶች አንዷ እዚያው ሆቴል አየችው። ሦስት ኢትዮጵያውያት ከሰሱት፤ በ1993 የፌዴራል ፍርድ ቤት 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላቸው ፈረደበት። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ በ1995፣ የዜግነት ማመልከቻው ጸደቀለት። ዜግነቱ የተገፈፈው በ2004 ነው፤ በ2006 ተባርሮ፣ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ወደፈረደችበት ኢትዮጵያ ተላከ። በዚያው በ2004 ኮንግረስ ሰው ያሰቃየ ወይም በዘር ማጥፋት የተሳተፈ ሁሉ መልካም ሥነ ምግባር አለው እንዳይባል በግልጽ ሕግ አወጣ። ገራፊዋ ከእሷ ጋር አንድ ፓስፖርት ይዞ ሲኖር ያየች ሴት ፊት ቆሞ «ጠባይ አይጠየቅ» ማለት ይከብዳል። መጠየቁ ይኑር፤ ጭንቁ የት ይቁም የሚለው ነው።

ከመኝታ ቤት እስከ ፍርድ ቤት

በ1940ዎቹ አንድ ያላገባ የ39 ዓመት የኮሌጅ መምህር ዜግነት ጠየቀ። መርማሪው ከሴቶች ጋር ስላለው ግንኙነት ጠየቀው። ሰውየው አልዋሸም፤ አልፎ አልፎ ካላገቡ ሴቶች ጋር እንደሚተኛ ነገረው። ሌላ ምንም የሚነቀስበት ነገር አልነበረም። የሥር ፍርድ ቤቱ በዚህ ብቻ ማመልከቻውን ጣለበት። በ1949 ጉዳዩ ኒውዮርክ ላለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ዳኛው ለርንድ ሃንድ ውሳኔውን ሻሩት። መለኪያቸው የዳኛው የራሱ እምነት አልነበረም፤ በጊዜው ያለው ተራው ሕዝብ በልቡናው እንደ ነውር የሚያየው ነገር ምንድን ነው የሚል ነበር። ያን የሕዝብ ልቡና በትክክል መለካት እንደማይቻልም ሃንድ አልካዱም። ማንንም ያልጎዳና በስውር የተደረገ ነገር ግን ሰውን ከዜግነት እንደማያስከለክለው ወሰኑ።

እኚሁ ዳኛ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1947፣ ሌላ ሰው ከልክለው ነበር። ያ ሰው ከውልደቱ ጀምሮ በአንጎል ጉዳት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኛ ሆኖ የቀረ ልጁን በ1939 በክሎሮፎርም ገድሏል። የወንጀል ችሎቱ አዝኖለት እስራቱን አግዶለታል። ሆኖም ለዜግነት ያመለከተው ልጁን ከገደለ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። ዳኞቹ ማመልከቻውን ጥለው፣ አሁን ጊዜው ስላለፈ እንደገና ማመልከት ይችላል አሉ። እነዚያን ሳምንታት ቢታገስ ኖሮ ጉዳዩ በዚያ መልክ ባልታየ ነበር። ለዛሬ አመልካችም ትምህርት የሚሆን ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነቱን ዛሬውኑ ካልጠየቅሁ የሚያስብለው ሕግ የለም። መቼ እንደሚያመለክት የሚመርጠው እሱ ነው፤ አንዳንዴ የተሻለው ምክር መጠበቅ ነው።

ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1971 ነው። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ከኩባ የመጣ ሰው የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት እንዳለው ራሱ ስለተናገረ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ዜግነት አይገባውም ብሎ ተቃወመ። የፌዴራል ዳኛው ተቃውሞውን አልተቀበሉትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1965 ባለትዳሮች በመኝታ ቤታቸው የሚያደርጉት የመንግሥት ጉዳይ እንዳልሆነ በግሪስዎልድ መዝገብ ወስኖ ነበር፤ ዳኛው በዚያ ላይ ተመርኩዘው፣ ባለሥልጣን የሰውን የግል የወሲብ ኑሮ ሊመረምር መግባቱ ራሱ ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀውን የግል ክልል መጣስ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «ነገሩ ሕዝብን ይጎዳል ወይ?» የሚል ሆነ። በ1981 ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በቨርጂኒያ ጉዳይ ተመሳሳይ አቋም ይዟል። ብዙ አንባቢዬ በሃይማኖቱ የነዚያን ሰዎች ኑሮ እንደማይቀበል አውቃለሁ። ነገር ግን ያ መለኪያ እሱንም የሚጠብቅ ነው። መኮንኑ፣ አመልካቹ ሚስቱን ትቶ ስለወጣበት ምክንያት፣ ከጋብቻ በፊት ስለወለደው ልጅ፣ ስለ ጸሎቱና ስለ ጾሙ እንደፈለገ እንዳይፈተፍት የሚያደርገው እሱ ነው።

በዚያው በ1981 መጨረሻ ኮንግረስ ምንዝርን መልካም ሥነ ምግባር ከሚያሳጡ ነገሮች ዝርዝር አወጣ። ሁለት ምስክር ይዞ የመቅረብ ግዴታም አብሮ ቀረ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ አላለቀም። ኮንግረስ ከሕጉ ያወጣውን ነገር መሥሪያ ቤቱ በደንቡ ውስጥ ጠባብ አድርጎ አስቀርቶታል። ደንቡ እንደሚለው፣ ያለን ትዳር ለማፍረስ ያደረሰ የውጭ ግንኙነት የነበረው ሰው፣ በቂ ማቅለያ ካላቀረበ፣ ሊከለከል ይችላል። ማቅለያ የሚባሉት ለምሳሌ ጥንዶቹ አስቀድመው ተስማምተው ተለያይተው ፍቺ ማግኘት ብቻ ያቃታቸው ከሆነ ነው። መኮንኑ ይህን ለመጠርጠር «ወሽመሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንኳ አያስፈልገው ይሆናል፤ የጋብቻው ቀንና የልጆቹ የልደት ቀን እዚያው ፎርም ላይ ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

በሽማግሌ የተፈታ ትዳር

እኛን በተለይ የሚነካን ነገር ስላለ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በ2000 የወጣው፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የተፈጸመ ጋብቻን እኩል ያውቃል። ስለዚህ በሽማግሌ ተጠይቃ፣ ወላጆቿ መርቀው የዳሯት ሴት በሕግም ያገባች ናት፤ ወረቀት ላይኖራት ይችላል፣ ትዳሩ ግን አለ። መፋታቱ ግን እንዲህ አይደለም። ፍቺ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲወስን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ዕቃ ተካፍለው፣ ተመራርቀው የተለያዩ ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ካልሄዱ በሕግ ፊት አሁንም ባልና ሚስት ናቸው።

እንግዲህ ያቺ ሴት አሜሪካ መጥታ፣ ቅጹ ላይ «ያላገባች» ብላ ሞልታ፣ እዚህ ሌላ ሰው አገባች እንበል። በልቧ ምንም የዋሸችው ነገር የለም። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የመጀመሪያው ትዳር እንዳለቀ ያውቃል። ወረቀቱ ላይ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ባል ያላት ትመስላለች፤ ሁለተኛው ጋብቻም በሕግ ላይጸና ይችላል። ግሪን ካርዷን ያገኘችው በሁለተኛው ባሏ በኩል ከሆነ ደግሞ ከሥነ ምግባሩ ጥያቄ በላይ የግሪን ካርዱ መሠረት ይናጋል። መፍትሔው ታሪኩን ማሳመር አይደለም። ከማመልከቷ በፊት አገር ቤት ባለ ጠበቃ በኩል የፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲሰጥ ማድረግ፣ እዚህ ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክራ የሆነውን እንደሆነ ማስረዳት ነው። ሽማግሌዎቹ በጽሑፍ የሚሰጡት ምስክርነት ፍርድ ቤት የሚሰጠውን ውሳኔ አይተካም፤ ያታለለችው ሰው እንደሌለ ለማስረዳት ግን ይረዳል።

የቀለብ ነገርም እንዲሁ ነው። አገር ቤት ልጅ ያለው አባት «እልካለሁ እንጂ፣ በየወሩ!» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የላከው ግን በሚሄድ ሰው እጅ፣ በሱቅ ሃዋላ፣ በጓደኛ ስም ስለሆነ አንድም ደረሰኝ የለውም። ደንቡ የሚከለክለው ልጁን ሆን ብሎ ያልረዳውን ሰው ነው፤ የማስረዳቱ ሸክም ግን በአመልካቹ ላይ ነው። ለማመልከት አንድና ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ከዛሬ ጀምሮ በባንክ ወይም ደረሰኝ በሚሰጥ ድርጅት ቢልክ፣ የልጁም እናት መቀበሏን በጽሑፍ ብታረጋግጥ፣ ያን ቀን የሚናገረው ቃል ማስረጃ ይኖረዋል።

ኀፍረት፣ ፍርሃትና መሐላ

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 በሰጠው ፍርድ ዜግነት የሚገባኝ ነኝ ብሎ የማስረዳት ግዴታው ሙሉ በሙሉ የአመልካቹ ነው፤ ጥርጣሬ ሲኖርም ለመንግሥት ይተረጎማል ብሏል። ስለዚህ በወንጀል ችሎት እንደምናውቀው ዝም ብሎ መቀመጥ እዚህ ብዙም አያስኬድም። መልስ አልሰጥም ማለት ይቻላል፤ መኮንኑም ማስረጃ አልቀረበልኝም ብሎ ማመልከቻውን ይጥላል።

ለግል ኑሮ ከሁሉ የሚጠቅመው ፍርድ የተሰጠው በ1988 ነው። ጉዳዩ ስለ አንድ የሊቱዌኒያ ተወላጅ ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥነ ምግባርን የሚያሳጣው «ሐሰተኛ ምስክርነት» የቱ እንደሆነ ወሰነ። አንደኛ፣ በመሐላ ሥር በቃል የተነገረ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የኢሚግሬሽን ጥቅም ለማግኘት ታስቦ የተነገረ መሆን አለበት። በኀፍረት፣ በፍርሃት ወይም የግል ነገርን በግል ለማስቀረት ሲባል የተነገረ ውሸት በዚህ አንቀጽ አይገባም። ይህን ሳነብ ትልቅ ሰብአዊነት አየሁበት፤ አፍራ የዋሸችን ሴትና ለጥቅም የዋሸን ሰው በአንድ ሚዛን አላስቀመጣቸውም።

ሆኖም በዚህ ላይ የሚተማመን ሰው ይጎዳል። ፍርዱ ሌላም ጎን አለው፦ ውሸቱ ለጥቅም የተነገረ ከሆነ ነገሩ ትንሽም ቢሆን፣ እውነቱ ቢነገር ኖሮ ምንም የማያስከለክል ቢሆንም፣ ማመልከቻውን ይጥላል። ኀፍረት ነበር ወይስ ጥቅም የሚለውን ደግሞ መጀመሪያ የሚወስነው ፊት ለፊት የተቀመጠው መኮንን ነው።

አንድ አባት ከጋብቻ በፊት ወይም ከትዳር ውጭ የወለደው ልጅ አለው እንበል። ሚስቱ አታውቅም። ዲቪ ሲሞላ ሚስቱ አጠገቡ ስለነበረች ያን ልጅ ሳይጽፈው ቀረ። የዲቪ ደንብ ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ሁሉ፣ ከማንም ይወለዱ፣ አብረው ይምጡም አይምጡም፣ እንዲመዘገቡ ያዛል፤ ሳይመዘገብ የቀረ ልጅ ብቻውን ቪዛውን ሊያስከለክል ይበቃል። ሰውየው አለፈ፣ ግሪን ካርድ አገኘ፣ አምስት ዓመቱን ጨረሰ። አሁን ኤን-400 ላይ ልጆችዎን በሙሉ ይዘርዝሩ ይለዋል። ቢጽፈው ከዲቪው ጋር ይጋጫል። ባይጽፈው በእጁ ፈርሞ፣ ኢንተርቪው ላይ ደግሞ ቀኝ እጁን አንስቶ ሐሰት ሊናገር ነው። ልጅ መውለዱ በአሜሪካ ሕግ ማንንም አያስከለክልም፤ በሥነ ምግባር ሚዛን ሲታይ ኢምንት ነው። ይህ ሰው ብቻውን ሊያመለክት አይገባውም፤ ፎርሙን ከመላኩ በፊት ጠበቃ ጋ መሄድ አለበት፣ ምክንያቱም ማመልከቻው ከዜግነት አልፎ ግሪን ካርዱን ሊያስመረምርበት ይችላል። በዚህ የሚጨነቁ ወገኖች ጥቂት አይመስሉኝም። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ወረቀት የሚሞላ ጉዳይ አስፈጻሚ ግን ይህ ግዴታ የለበትም፣ የሕግ ምክር የመስጠት ፈቃድም የለውም።

ዜግነት ከተገኘ በኋላስ? በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዜጋን በወንጀል ከስሶ ዜግነቱን ለመግፈፍ ማንኛውም ውሸት አይበቃም፤ ሕገወጡ ድርጊት ዜግነቱን በማግኘት ላይ ድርሻ የነበረው መሆን አለበት ብሎ ወስኗል። በክርክሩ ላይ የመንግሥት ጠበቃ ማንኛውም ውሸት ይበቃል ሲል፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ በ55 ማይል መንገድ ላይ በ60 የነዱበትን ጊዜ አንስተው፣ ታዲያ «ሳይያዙ ወንጀል ፈጽመዋል ወይ?» ለሚለው «የለም» ያለ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ዜግነቱን ሊቀማ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ፎርም ፊት ተቀምጦ የተጨነቀ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ ነው።

በፍጥነት መነገር ያለባቸው ሁለት ነገሮች

ማሪዋና እንደ ኮሎራዶ ባሉ ግዛቶች የተፈቀደ ቢሆንም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ዜግነት የሚሰጠው ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ነው። የዜግነት ማመልከቻ የሚመረምረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስሲአይኤስ፣ በ2019 ባወጣው መመሪያ ግዛቱ ቢፈቅድም መጠቀም፣ በሚሸጥበት ድርጅት መሥራትም ጭምር፣ መልካም ሥነ ምግባርን ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። አንዴ ብቻ ከ30 ግራም ያልበለጠ ለራስ መያዝ በሕጉ ልዩ ሁኔታ አለው። ዴንቨርና ኦሮራ የምትኖሩ ወገኖች፣ ሱቁ በሕግ የተከፈተ ነው ብላችሁ አትቀጠሩበት። ሁለተኛው ጠጥቶ መንዳት ነው። በዚያው በ2019 ዋና ዐቃቤ ሕጉ በሰጡት ውሳኔ፣ በተመዛኙ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ በዚህ የተፈረደበት ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል፤ ግምቱን የማፍረስ ሸክሙም የእሱ ነው።

ጎረቤት ሲጠየቅ

በኦገስት 2025 ነገሩ እንደገና መልኩን መለወጥ ጀመረ። ዩኤስሲአይኤስ ወሩ ሲጋመስ ባወጣው መመሪያ መኮንኖች ጥፋት አለመኖሩን በማየት ብቻ እንዳይወሰኑ፣ የአመልካቹን መላ ኑሮ እንዲመዝኑ አዘዘ። በበጎው በኩል ለማኅበረሰብ የሰጠው አገልግሎት፣ ቤተሰቡን መርዳቱ፣ ትምህርቱ፣ ቋሚ ሥራው፣ ታክስ መክፈሉ ይቆጠሩለታል። በሌላው በኩል ደግሞ በሕግ ወንጀል ያልሆነ ነገርም ሊያስጥል ይችላል፤ መመሪያው ለምሳሌ የጠቀሰው በግዴለሽነት ወይም በተደጋጋሚ የሚፈጸም የትራፊክ ጥፋትን ነው። ታክሲና ኡበር እየነዳ ልጆች የሚያሳድግ ወገን በሞላበት በዋሽንግተን አካባቢ ይህ ቀልድ አይደለም።

ከሳምንት በኋላ ሌላ መመሪያ ተከተለ። ሕጉ ከድሮም አመልካቹ በሚኖርበትና በሚሠራበት አካባቢ ምርመራ እንዲደረግ ይላል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ከ1991 ጀምሮ ይህን ትቶት ነበር። አሁን መተዉ ቀርቶ መኮንኑ እያንዳንዱን ጉዳይ እያየ እንዲወስን ተደረገ። ከጎረቤት፣ ከአሠሪ፣ ከሥራ ባልደረባ የምስክርነት ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል፤ ካልቀረበለት ሰው ልኮ ማስጠየቅም ይችላል።

ይህ ያሳስበኛል፣ ለምን እንደሆነም ልናገር። ፍርድ ቤቶቹ ከ1949 ጀምሮ በር የዘጉት በመኮንኑ ጥያቄ ላይ ነው። ጎረቤት ግን የሚናገረውን አይመርጥም። የሌሊት ሥራ የሚሠራን ሰው «ሁልጊዜ በሌሊት ነው የሚገባው» ሊል ይችላል። በቀበሌ ዘመን ማን ወደ ማን ቤት እንደገባ ይመዘገብበት የነበረን አገር የሚያስታውሱ ወላጆች አሉን፤ ጎረቤት ስለ ጎረቤት ለመንግሥት ሲናገር ምን እንደሚመጣ ማንም አያስተምራቸውም። መኮንኑ ከጎረቤት የሰማውን ነገር ይዞ ሊከለክል ሲያስብ አመልካቹ ያልሰማው መጥፎ መረጃ ከሆነ ሊነገረውና መልስ ሊሰጥበት ይገባል። ይህን መብት አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል።

ከመጠየቅ በፊት መዘጋጀትም ይቻላል። የዕድር ሊቀመንበር፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ወይም የመስጊዱ ኢማም፣ አለቃ፣ የልጅ አስተማሪ ደብዳቤ ይጽፋሉ። «ጥሩ ሰው ነው» የሚል ደብዳቤ ብዙ ዋጋ የለውም። «ከመቼ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ በእገሌ ለቅሶ ገንዘብ የሰበሰበው እሱ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ ያስተምራል» የሚል ደብዳቤ ግን መኮንኑ ሊመዝነው የሚችለው ነገር ነው።

ከባሕር ማዶ

እንግሊዝም ዕድሜው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው አመልካች ሁሉ መልካም ጠባይ ትጠይቃለች። እዚያ ግን የግል ኑሮን የማክበር መብት በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 8 በስሙ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ስምምነት የሚተረጉመው የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት በ2011 በማልታ ጉዳይ፣ ዜግነት ማግኘት በራሱ በስምምነቱ የተጻፈ መብት ባይሆንም፣ ዜግነት የሰው ማንነት አካል ስለሆነ በዘፈቀደ መንፈጉ የግል ኑሮን ይነካል ብሏል። በ2016 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጃማይካ ስለተወለደና በአራት ዓመቱ እንግሊዝ ስለመጣ ሰው ፈረደ። አባቱ እንግሊዛዊ ነው፤ ወላጆቹ ተጋብተው ቢሆን ኖሮ ሲወለድ ዜጋ ነበር። ሰውየው በሰው ግድያ ተፈርዶበት ነበር፣ ቀላል ጥፋት አይደለም። ዳኞቹ ግን ወላጆቹ ስላልተጋቡ ብቻ እሱን ጠባይ መጠየቅ አድልዎ ነው አሉ፤ ሕጉም በ2019 ተስተካከለ። በሌላ በኩል ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በወጣው መመሪያ ወደ እንግሊዝ በሕገወጥ መንገድ የገባ ሰው፣ ጊዜው ምንም ያህል ቢርቅ፣ እንደ ደንቡ ዜግነት ይከለከላል። ስደተኝነቱ ተረጋግጦ ጥገኝነት የተሰጠውንም ይጨምራል። በሰሐራና በሜዲትራንያን አቋርጠው ለደረሱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ነፍስን ለማዳን የተደረገ ጉዞ የጠባይ ጉድለት መባሉ እኔ ፈጽሞ የማልቀበለው ነገር ነው።

ከፎርሙ በፊትና ከመልሱ በኋላ

ጥርጣሬ ያለው አመልካች መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባ ነገር መንግሥት ስለ እሱ የያዘውን ፋይል ግልባጭ መጠየቅ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ናይሮቢ ወይም ካርቱም ላይ በአስተርጓሚ የተናገረው ቃል፣ በዲቪ ወይም በጥገኝነት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የቤተሰብ ዝርዝር እዚያ ውስጥ አለ። አዲሱ መልስ ከአሮጌው ጋር የሚለያይ ከሆነ ለምን እንደተለያየ አስቀድሞ ማስረዳት ይሻላል። ኢንተርቪው ላይ ያልገባውን ጥያቄ «አልገባኝም»፣ ያላስታወሰውን «አላስታውስም» ማለት ሐሰት አይደለም። ለመጨረስ ተብሎ በደፈናው የሚነገር «የለም» ግን ሐሰት ሊሆን ይችላል።

ማመልከቻው ከተጣለም ነገሩ አላበቃም። ውሳኔው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ኤን-336 በሚባለው ፎርም በሌላ መኮንን ፊት እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። እዚያም ካልተሳካ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዳኛው መኮንኑ የወሰነውን ብቻ አያይም፤ ሕጉ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ አዲስ እንዲያየው፣ ማስረጃም ምስክርም ራሱ እንዲሰማ ያዘዋል።